ሐኪም ጦሙን ሊቀበሉ የወጡት ፈረሰኞች

በዚያን ዘመን በእንጅባራ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነበርኩ። «ሌላ ስላልነበረ ነው» የሚሉ ምቀኞች አልታጡም። እውነታቸውን ነው፣ ሌላ አልነበረም። ግን ብቻውን የሮጠ ፈረስም ቢሆን መሮጡ አይካድም።

ዳንግላ ሄጄ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ስመለስ፣ ታናናሾቹን ተማሪዎች እንዳስተምር ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ክብሩ ግን አይጣል ነው። ጥቁር ኮቴን ለብሼ በገበያ መሃል ሳልፍ ድንች ሻጮቹ ሳይቀሩ መንገድ ይለቁልኛል። ከግምጃ ቤት ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ መጣና ላዩ ላይ ያለውን ጽሕፈት አንብብልኝ አለኝ። «ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ነው የሚለው። እኔ «ዕቃው የተሠራው ደረቅ አገር ነው» ብዬ ተረጎምኩለት። «ጎሽ፣ ተባረክ» ብሎኝ ሄደ። እንግሊዝኛ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ የተባረከ ቋንቋ ነበር፤ ሰሚው እስካላወቀ ድረስ ተናጋሪው አይሳሳትም።

እንዲህ በሰላም ስኖር ነው የሐኪም ጦሙ ነገር የመጣው።

ሐኪም ጦሙ ማን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገራችን ፈረስ ላይ በሽታ ገባ። በአገው ምድር ፈረስ ታመመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ አገር ላለ ሰው ማስረዳት አይቻልም። በእኛ አገር ሙሽራ የሚመጣው በፈረስ፣ በዓል የሚደምቀው በፈረስ፣ ሬሳ የሚከበረው በፈረስ ነው። ያን ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም መጣ። ስሙ ቶም ነበር። አገሬው ግን «ቶም ብሎ ስም የለም፣ ጦሙ ማለቱ ነው» ብሎ አስተካከለለት። ክረምቱን ሙሉ በአገራችን ባላባት በባላምባራስ ካሴ ቤት ሰነበተ። የባላምባራስ ቦራ የሚባለው ፈረስ ሊሞት ሲያጣጥር፣ ሐኪሙ የራሱን ብርድ ልብስ አልብሶት፣ ጋጣ ውስጥ አብሮት ተኝቶ፣ አዳነው። ሐኪም ጦሙ አገሩ ከገባ በኋላ ቦራ ብዙ ዓመት ኖረ፣ ወለደም። ባላምባራስ ስለ ወዳጅነት የሚያወሩ ሰዎች ሲሰሙ «ወዳጅ ማለት ከፈረስህ ጋር የሚያድር ነው» ይሉ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ከዳንግላ የመጣ መንገደኛ «የሐኪም ጦሙ ቤተሰቦች ነገ ወደ እናንተ ይመጣሉ» የሚል መልእክት ይዞ ደረሰ። ባላምባራስ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ሙክት ታረደ። ጠላው ተጠመቀ እንዳልል ጊዜ አልነበረም፣ ከየጎረቤቱ ተሰበሰበ። ለእኔም ሰው ተላከብኝ። «መምህር ይምጣ፣ ነገ አፌ እሱ ነው» ብለው ነበር ባላምባራስ። አፌ አሉኝ! ያን ዕለት ኮቴን ሁለት ጊዜ አጸዳሁ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ፈረንጅ ሴት በጭነት መኪና መጣች። የራሷ መኪና ዳንግላ ላይ ባሌስትራው ተሰብሮ፣ ሾፌሯ ሊያሠራ እዚያው ቀርቶ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ጆሮዋን የሚሸፍን ሰፊ የወንድ ባርኔጣ አድርጋለች። ባላምባራስ እጅ ነሱና ከኋላዋ ወደ መኪናው ጋቢና አንገታቸውን አሰገጉ። ሌላ የሚወርድ የለም።

«ጦሙስ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞር ብለው።

እኔ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ነበረኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ጉድ ሞርኒንግ ኤንድ ዌልካም!» አልኩ።

«ኦ! ዩ ስፒክ ኢንግሊሽ!» አለች ሴትዮዋ በደስታ። ሁሉም ሰው መስማቱን ለማረጋገጥ ግራና ቀኝ ተመለከትኩ። ሰምተዋል።

ከዚያ በኋላ ንግግሯን ለቀቀችው። የክረምት ወንዝ ነው። ከወንዙ መሃል እየዘለልኩ የምቆምባቸውን ድንጋዮች ፈለግሁ። «ማይ ሌት ሃዝባንድ» አለች፣ «እንጅባራ» አለች፣ «ላቭድ» አለች። በቂ ነው! «ሃዝባንድ» ባል ነው። «ሌት» ደግሞ እንዴት ይጠፋኛል? ደወል ከተደወለ በኋላ በደረስን ቁጥር አስተማሪያችን «ዩ አር ሌት!» እያለ በአለንጋ ይቀበለን ነበር። ያቺን ቃል በጆሮዬ ሳይሆን በመዳፌ ነው የተማርኳት።

«ባለቤቴ ዘግይተዋል፣ እንጅባራን እጅግ አድርገው ይወዳሉ ይላሉ» አልኩ።

ባላምባራስ ሳቁ። «አይ ጦሙ! ድሮም እንዲህ ነው። ዳንግላ ላይ አንድ ሸንካላ ፈረስ አይቶ ይሆናል። ፈረስ ካየ ማን ያነቃንቀዋል?»

ሁሉም ሳቀ። ሴትዮዋም ሰው ሲስቅ አይታ ፈገግ አለች። እኔም ሥራዬን በሚገባ በመጀመሬ ደስ አለኝ።

ወደ ግቢ ገባን። ገበታው ቀርቧል፣ ሥጋው ይሸታል። ባላምባራስ ግን እጃቸውን አነሱ። «ክደኑት። ባለቤቱ ሳይደርስ ሚስቱን ለብቻዋ አብልቼ ምን ልባል ነው? ጦሙን እንጠብቃለን።» ወጡ ተከደነ። ሴትዮዋ የተከደነውን ወጥ እያየች በትሕትና ተቀመጠች። እሷ የአገሩ ወግ ይሆናል ብላ ትጠብቃለች፣ እኛ ባሏን ትጠብቃለች ብለን እንጠብቃለን። ሐኪም ጦሙን ስንጠብቅ ጦማችንን ዋልን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆመች፣ አንጀቴ በአገውኛም በአማርኛም ይናገር ጀመር።

በመጨረሻ ባላምባራስ፣ «እስኪ ጠይቃት፣ መቼ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ማዳም» አልኩ፣ «ዮር ሃዝባንድ፣ ዌን ካም?»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ፣ «ኦ፣ ማይ ዲር። ሂ ሃዝ ዲፓርትድ» አለችኝ።

ዲፓርትድ! በመጽሐፋችን ላይ አንድ ባቡር ነበረ። ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ግን ከለንደን ስንት ሰዓት ላይ «ዲፓርት» እንደሚያደርግ በቃሌ እወጣዋለሁ።

«ተነስተዋል!» ብዬ ጮህኩ። «መንገድ ጀምረዋል!»

እልልታው ቀለጠ። ባላምባራስ ወደ ደጅ ወጥተው ፈረሰኞቹን ጠሩ። «እንግዳ መንገድ ላይ ነው! እስከ ዳንግላም ቢሆን ሄዳችሁ ተቀበሉት። ብቻውን እንዳይገባ!» የአገሬን ፈረሰኛ በዚያን ሰዓት ያየ ሰው ልቡ አያርፍም። ቀያይ ግምጃ ያለበሷቸውን ፈረሶች ሽቅብ እያዘለሉ፣ ዘንጋ የሚሉትን በትራቸውን እየነቀነቁ፣ እያቅራሩ ወጡ። አቧራው ገና ሳይበርድ ወደ ዳንግላ መንገድ ጠፉ።

ሴትዮዋ ተነስታ ይህን ሁሉ በአድናቆት ስታይ ቆየችና፣ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀችኝ።

«ዘይ ጎ፣ ብሪንግ ዮር ሃዝባንድ» አልኳት በኩራት።

ቀድሞም ነጭ የነበረችው ሴት የባሰ ነጣች። «ባት ሂ ፓስድ አዌይ!» አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ፣ አላሰበም እንዳትሉኝ። «ፓስድ» ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ የተጻፈች ቃል ናት፤ ማለፍ ማለት ናት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሐኪሙ ፈተና ማለፉን ነው። ግን በዚያ ዕድሜው ምን ፈተና ይፈተናል? ደግሞስ ፈተና ያለፈ ሰው ሚስት ለምን ትነጣለች? «አዌይ» የምትለዋ ስትጨመርበት ግን ነገሩ ወለል አለልኝ፤ ወዲያ ማለት ናት። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ አንድ የጭነት መኪና እኛ ዘንድ ሳይቆም ወደ ጥሊሊ ሲያልፍ፣ ጋቢናው ውስጥ የፈረንጅ ባርኔጣ የታየ መሆኑን ስንት ሰው አውርቶ ነበር።

«ባላምባራስ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሰውየው... በዚህ በኩል አልፈው ሄደዋል ነው የሚሉት።»

ባላምባራስ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«የእኔን ደጅ?» አሉ። «ጦሙ የእኔን ደጅ አልፎ ማን ቤት ሊያድር ነው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ለአንድ የአገው ባላባት በደጁ ያለፈ ወዳጅ ማለት ፊት ለፊት ከሰደበው ጠላት ይብሳል። ባላምባራስ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፣ እኔ ልተረጉመው አልደፍርም። ከዚያ የቀሩትን ፈረሰኞች ጠሩ። «በጥሊሊ መንገድ ድረሱበት! በልመና እንቢ ካለ ጎትታችሁም ቢሆን አምጡት!»

ሁለተኛው የፈረሰኛ ጭፍራ ወጣ። ይኸኛው አላቅራራም፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የወጣው።

ሴትዮዋ አሁን ባርኔጣዋን አውልቃ ደረቷ ላይ ይዛለች። «ኤንድ ዘም?» አለችኝ ወደ ሁለተኞቹ እያመለከተች።

«ዘይ ጎ ካች ሂም» አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ ለደንቆሮ ሰው እንደሚነገረው አንድ በአንድ፣ «ማይ። ሃዝባንድ። ኢዝ። ዲሲስድ» አለች።

አሁን ይህን ቃል የማያውቅ ተማሪ አለ? የጤና ትምህርት መጽሐፋችን የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ «ዲዚዝ» ነው፤ ስለ በሽታ። እጅህን ታጠብ፣ ዝንብ አባርር፣ ውሃ አፍላ። «ዲሲስድ» እና «ዲዚዝድ» ልዩነታቸው የአንዲት ድምፅ ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ ለአንዲት ድምፅ ብዬ ሴትዮዋን አላስጨንቅም።

«ታመዋል!» አልኩ። «ባላምባራስ፣ ሐኪም ጦሙ ታመዋል!»

የባላምባራስ ቁጣ እንደ ቅቤ ቀለጠ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ለዚህ ነዋ! አያችሁ? በሽታውን ቤቴ ላለማስገባት ብሎ ነው ደጄን ያለፈው። ጨዋ! እኔ ደግሞ ጎትታችሁ አምጡት አልኩ። ኧረ ድረሱለት፣ ቃሬዛ ይዛችሁ ድረሱ!»

ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው በሩጫ ወደ ጥሊሊ መንገድ ወረዱ። የባላምባራስ ባለቤት እትዬ የሺ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይወቅጡ ጀመር። «በሽታው ምንድን ነው? ጠይቃት እንጂ!» አሉኝ ሙቀጫውን ሳይለቁ።

«ዋት ዲዚዝ?» አልኳት።

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ሂዝ ሃርት» አለች።

«ልባቸውን ነው» አልኩ። እትዬ የሺ ሽንኩርቱን እጥፍ አደረጉት።

እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያች ሰዓት የኮራሁበት ጊዜ የለም። በእኔ አፍ ሁለት የፈረሰኛ ጭፍራና አንድ ቃሬዛ ተንቀሳቅሷል! ደጃዝማች ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያዛል?

ሴትዮዋ ግን ደከማት። ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እትዬ የሺ ሙቀጫቸውን ትተው አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ያዙላት። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። «አይዞሽ፣ ይድናል» ይሏታል እሳቸው። ሴትዮዋም የተባለችውን ያወቀች ይመስል ራሷን ነቀነቀችና፣ ቀና ብላ በእንባ መሃል ፈገግ አለችልኝ። «ኢትስ ኦል ራይት» አለች። «ሂ ኢዝ አት ሬስት ናው።»

ሬስት! ከክፍል ወጥተን ኳስ የምንጫወትበት ሰዓት እኮ ነው፣ ረፍት! ያን ዕለት ሙሉ ከዚህ የቀለለ ቃል አልመጣልኝም። ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩና ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ፣

«እሰይ! አሁንስ አርፈዋል!» አልኩ።

እልልታ ነበር የጠበቅሁት። እልልታ የለም። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ጠላ ትቀዳ የነበረች ሴት እጇ ላይ ያለውን ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀመጠች። እትዬ የሺ የሴትዮዋን እጅ እንደያዙ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ እንባዋን አዩ፤ ከዚያ «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ግቢውን በጩኸት ሰነጠቁት።

«ኧረ አይደለም!» አልኩ ደንግጬ። «አርፈዋል ስል... ማለቴ... አረፍ ብለዋል ለማለት...»

ባላምባራስ አጠገቤ መጡ። ትከሻዬን ያዙኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፣ ይህ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቀስ ብለህ ንገረኝ። ጦሙ ያሳረፈው ጎኑን ነው ወይስ ነፍሱን?»

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። ከማውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃሎች ሁሉ ትንሿንና እርቃኗን የቀረችውን ፈለግሁ። ከአንደኛው መጽሐፍ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ድመት የያዘችው አይጥ ሥዕል ሥር ተጽፋ ነበር።

«ማዳም» አልኩ፣ «...ዴድ?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ትልቅ ሸክም ከጀርባዋ የወረደላት ያህል፣ «የስ» አለች። «የስ፣ ዴድ።» ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት።

እስኪ ፍረዱኝ። እኛስ ብንሆን ለከበረ ሰው ሞተ እንላለን? አህያ ይሞታል። ቄስ ያርፋል። ባሕታዊ ይሰወራል። ደግ ሰው ይለያል፣ ያልፋል። ሞተ የምትለዋን ቃል ለወዳጅ አፋችን እምቢ ይለናል። ፈረንጆችም እንደዚሁ ኖሯል! ሴትዮዋ ባሏን እንደ አይጥ «ዴድ» ላለማለት፣ ያላትን የክብር ቃል ሁሉ አንድ በአንድ አወጣችልኝ። እኔ ደግሞ የክብር ልብስ የለበሰውን ቃል ሁሉ የሥራ ልብሱን አልብሼ አሰማራሁት።

ባላምባራስ ግን ነገር ሳያጣሩ የሚተዉ ሰው አይደሉም።

«ጠዋት ዘግይቷል ያልከኝስ?»

«ሞተው ነው፣ ባላምባራስ።»

«ተነስቷል ያልከኝ?»

«እሱም ሞተው ነው።»

«ደጄን አልፎ ሄደ ብለህ ያቃጠልከኝስ?»

«ያው... ሞተው ነው።»

«ታሟል ያልከውስ?»

«ሞተው ነው።»

«ኧረ ስንት ጊዜ ነው የሞተው ይህ ሰው!» አሉና፣ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሳሉ። «ጦሙ... ብርድ ልብሱን ለፈረሴ አልብሶ፣ እሱ በብርድ ያደረው ጦሙ...»

ለቅሶው ተጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሴትዮዋን ከበቧት። አንዲት አስለቃሽ፣ ማንም ሳይነግራት፣ የሐኪሙን ታሪክ በአገውኛ ታወርድ ጀመር። ግቢው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ፣ በዳንግላ በኩል ጭፈራ ተሰማ።

የመጀመሪያዎቹ ፈረሰኞች ናቸው! የሴትዮዋ መኪና ተጠግኖ ሲመጣ መንገድ ላይ አግኝተውት፣ ሐኪም ጦሙ ውስጡ አለ ብለው፣ ከፊትና ከኋላ አጅበው እየዘፈኑ ያመጡታል። ሾፌሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ለምን እንደሚዘፈንለት አያውቅም፣ መሪውን ጨብጦ በላብ ተነክሯል። በሩ ላይ ሲደርሱ ለቅሶውን ሰሙ። ዘፈኑ አፋቸው ላይ ቀረ። አንድ በአንድ ከፈረሳቸው ወረዱ።

እነሱን አስረድተን ሳንጨርስ በጥሊሊ በኩል ሌላ ሁካታ መጣ። ያኛውን ቃሬዛ ረስተነው ነበር።

ጎረምሶቹና ሁለተኞቹ ፈረሰኞች ከጥሊሊ ወዲህ ጎማው የፈነዳ የጭነት መኪና አገኙ። ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ ወፍራም ፈረንጅ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ነጭ ነው፤ ወደ ጥሊሊ አልፏል፤ ተኝቷል፤ እንግዲህ ሐኪም ጦሙ ይህ ካልሆነ ማን ይሆናል? አንሥተው ቃሬዛው ላይ አስተኙት። ሰውየው ቡሬ ሱቅ ያለው ግሪካዊ ነጋዴ ነው። አማርኛ እንደ ውሃ ይጠጣል። መንገዱን ሙሉ «አልታመምኩም! እኔ ጤነኛ ነኝ! የማታውቁኝ ሰው ነኝ!» እያለ ጮኸ። እነሱ ደግሞ «አይዞዎት አባቴ፣ በሽታው ነው የሚያስለፈልፍዎ» እያሉ ተሸክመው አመጡት።

እንግዲህ አስቡት። ለቅሶው ጦፎ፣ ሐኪሙ ሞተ ተብሎ ደረት ሲደቃ፣ አንድ ነጭ ሰው በቃሬዛ ገብቶ ቁጭ አለና፣ «እኔ አልሞትኩም፣ ማንም አልሞተም፣ አውርዱኝ!» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እግዚኦ!» ብለው ወደቁ። አስለቃሿ ግጥሟን ረስታ አፏን ከፍታ ቀረች። እትዬ የሺ ብቻ ቀረብ ብለው ፊቱን አዩና፣ «ይኼ ጦሙ አይደለም፣ ጦሙ ቀጭን ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ግሪካዊው የሆነውን ሲሰማ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሴትዮዋን አያት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ልብሱን አራግፎ፣ ከሰዎቹ ጋር ተሰልፎ ቆመ። እንዲያውም ከሁላችንም የበለጠ ያለቀሰው እሱ ነው። ለራሱ ድንጋጤም አብሮ ያለቀሰ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ቀልዴን ትንሽ ላስቀምጥ።

ባላምባራስ የቦራን ልጅ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ወጣቱን ፈረስ፣ በሙሉ ጌጡ አስጭነው አስመጡት። በላዩ ማንም አልተቀመጠም። «ከጦሙ ዕቃ አንድ ነገር አላት እንደሆን ጠይቃት» አሉኝ። በዚያን ጊዜ አልቸኮልኩም። ቀስ ብዬ፣ በእጄም እያሳየሁ፣ ተረድታኛለች እስክል ድረስ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ደረቷ ላይ የያዘችውን ሰፊ ባርኔጣ አየች። ለካ የእሱ ነው። በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እኔ ለባላምባራስ ሰጠሁ። ባላምባራስ ኮርቻው ላይ አሰሩት።

ያን ፈረስ ልጓሙን ይዘው እየሳቡ፣ ከዳንግላ የተመለሱትም ከጥሊሊ የተመለሱትም ፈረሰኞች በአንድነት ሜዳው ላይ ወጡ። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ ዘንጋቸውን ዘቅዝቀው፣ የጦሙን ስም እየጠሩ ጋለቡ። ምድሩ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። በአገራችን ትልቅ ሰው ሲሞት የሚደረገው ሁሉ አንድ ሳይጎድል ተደረገለት። ሴትዮዋ በባላምባራስና በእትዬ የሺ መሃል ቆማ፣ ባርኔጣው ኮርቻው ላይ ሆኖ ሲያልፍ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች።

በኋላ፣ ወጡ በመጨረሻ ተከፍቶ ሰው ሁሉ እህል ሲቀምስ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ብዙ ነገር ነገረችኝ። እኔም ያልገባኝን ሁሉ «አጌን፣ ማዳም» እያልኩ አስደገምኳት። በአገሯ ባሏ ሲቀበር ሰው ጃንጥላ ይዞ በዝምታ ቆሞ እንደነበር፣ ከዚያም እጅ ጨብጧት እንደተበተነ፣ እሷም ሰው ፊት ማልቀስ ነውር ስለሆነ እስከዚያን ዕለት ድረስ እንባዋን ይዛው እንደኖረች ነገረችኝ።

ይህን ለባላምባራስ ስተረጉም ግቢው ሁሉ ያዳምጥ ነበር። ባላምባራስም፣ «ንገራት» አሉኝ፣ «እኛ ካለቀስንለት የእኛ ሟች ነው። ሙት ዓመቱን በየዓመቱ እዚህ እናስበዋለን። እሷም ከእንግዲህ የዚህ ቤት ሰው ናት፣ ስትመጣ መልእክት አያስፈልጋትም።»

ነገርኳት። ቃል በቃል፣ አንዳች ሳላጣምም ነገርኳት። በምን አወቅህ ብትሉ፣ ተነስታ ባላምባራስን አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እትዬ የሺ እንኳ አልተቆጡም።

መሸት ሳይል ልትሄድ ተነሳች። ባርኔጣውን ልትወስደው አልፈለገችም፤ ባላምባራስ ቤት ቀረ። ፈረሰኞቹ መኪናዋን ሊሸኙ በግራና በቀኝ ተሰለፉ፣ ሰልፉ ዓይን ማየት እስከሚችልበት ድረስ መንገዱን ሞልቶታል። ግሪካዊው ነጋዴም ጠግቦ፣ ሞቅ ብሎት፣ ለአንዱ ፈረሰኛ ስለ ቡሬ ገበያ ያወራል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆየና፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ስማ ወንድሜ» አለኝ፣ «አዲስ አበባ ስንት ባለ ማዕረግ ሲቀበር አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ፈረሰኛ አላየሁም። ለአንድ የፈረስ ሐኪም ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ማን ጠራው?»

ፈረሰኞቹን ተመለከትኳቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «በእንግሊዝኛ።»